«ድባቴው ለቀቀኝ፤ ጭንቅላቴ ግን አልተመለሰም»፦ የአእምሮ ማሠልጠኛ አፕ ለሥራ ያበቃል?

ጥያቄው አጠር ተደርጎ ይኸውላችሁ፦

«ሰላም ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በድባቴ ሕመም ምክንያት ፈቃድ ከወጣሁ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሰርትራሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ለእንቅልፍ ደግሞ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን ተጨምሮልኛል። እግዚአብሔር ይመስገን ማልቀሱ ቀርቷል፤ እበላለሁ፣ ሰው አገኛለሁ። ጭንቅላቴ ግን አልተመለሰም። አንድ ገጽ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ቁጥር ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሳዛውር መንገድ ላይ ይጠፋብኛል። ሥራ የምገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ሉሞሲቲ የሚባል የአእምሮ ማሠልጠኛ አፕ ከፍሎ አስገብቶልኛል። በቀን አንድ ሰዓት እጫወታለሁ፤ ነጥቤም በየቀኑ እየጨመረ ነው። ይኼ ነገር ለሥራ ያበቃኛል? ሦስት ሳምንትስ ይበቃል? አለቃዬንስ ምን ልበለው?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ልምምዱ አይጎዳሽም። በደንብ ከተያዘ ሊጠቅምሽም ይችላል። አፑ ብቻውን ግን ወንበርሽ ላይ መልሶ አያስቀምጥሽም። ልምምዱን ከራስሽ ሥራ ጋር የሚያገናኝ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እሱን ደግሞ ወንድምሽ ከፍሎ ሊልክልሽ አይችልም፤ አንቺው ነሽ የምትሠሪው። እንዴት እንደሚሠራ እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ ግን «ጭንቅላቴ አልተመለሰም» ስላልሽው። ይኼን ከብዙ ታማሚዎች እሰማዋለሁ፤ ብዙዎቹም በሹክሹክታ ነው የሚነግሩኝ። ሰነፍ የሆኑ፣ ወይም እስከ ዛሬ ያታለሉ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን የሕመሙ ቅሪት ነው። ትኩረት ማጣት ድባቴ የሚታወቅባቸው ዋና ዋና ምልክቶች ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ የተቀመጠ ምልክት ነው። ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሲሄድ ግን አብሮ አይሄድም። ኔዘርላንድስ ውስጥ 267 ታማሚዎችን ለሦስት ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት አለ። ድባቴው በበረታበት ወቅት የማሰብ ችግር፣ የጉልበት ማጣትና የእንቅልፍ ችግር ከ85 እስከ 94 በመቶ በሚሆነው ጊዜ አብረው ነበሩ። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። «ድኗል» በተባለበት ወቅትም እነዚሁ ሦስቱ ከ39 እስከ 44 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ነበሩ። ስለዚህ ማልቀሱ ቆሞ ቁጥሩ አልያዝ ቢልሽ ያልተለመደ ነገር አልደረሰብሽም።

የነገርሽኝ ችግሮች ግን ሁለት ናቸው፤ አንድ አይደሉም። ቁጥሩ ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲሻገር የሚጠፋው፣ ነገርን ለጥቂት ሰከንድ ይዘን እንድንሠራበት የሚያስችለን አቅም ስለደከመ ነው። ያነበብሽው ገጽ የሚጠፋው ደግሞ በሌላ በኩል ነው፤ ቃሉ ሲገባም አልተመዘገበም፣ ሲፈለግም አይገኝም። ይኼን ልዩነት ያዢልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ አፑ ከመሄዳችን በፊት ስለ መድኃኒትሽ። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ይሰጣል። እሱ ጥሩ ነው። ግን ድንዛዜው ወደ ጠዋት ሊተርፍ ይችላል፤ አፍ ያደርቃል፣ ማስታወስንም ያዳክማል። ሰርትራሊን ሲጨመርበት ደግሞ የአሚትሪፕቲሊን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። ሁለቱን አብሮ ማዘዝ ያለ ነገር ነው፤ ሐኪምሽ ያወቀው ነገር ስላለ ነው ያደረገው። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝና መድኃኒት አልነካም። አንቺም በራስሽ እንዳትነኪው። ነገር ግን ሥራ ከመግባትሽ በፊት ሄደሽ እንዲህ በይው፦ «ጠዋት እስከ ስንት ሰዓት እንደምደነዝዝ ጽፌ መጥቻለሁ፤ የማታው ኪኒን መጠኑ ወይም ሰዓቱ ቢስተካከል ይሻለኛል ወይ?» የሰዓቱን ማስታወሻ ግን እውነትም ጽፈሽ ሂጂ። እግረ መንገድሽን የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አድርገሽ እንደሆነ ጠይቂው። ሁለቱም ጭንቅላትን ያዘገያሉ፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታያሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ። «ኪኒኑ ነው ያፈዘዘኝ» ብሎ ሥራ በገባ ሰሞን የሚያቋርጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለው፣ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም መድኃኒቱ ለወራት ይቀጥል ነው። አንቺ ገና መንገዱን ጀመርሽ።

እሺ፣ ወደ አፑ እንምጣ።

ሉሞሲቲን የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ከአገሪቱ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ጋር በነበረበት ክስ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማምቷል። ክሱ በማስታወቂያው ላይ ነበር። ጨዋታዎቹ በሥራና በትምህርት ውጤት ያሻሽላሉ፣ የእርጅናን መርሳት ይከላከላሉ እያለ ሲያስተዋውቅ በቂ ማስረጃ አልነበረውም ተባለ። ይህ ማለት ጨዋታው መርዝ ነው ማለት አይደለም። ማስታወቂያው ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል ማለት ነው።

ነጥብሽ መጨመሩስ? እሱ መቶ በመቶ እውነት ነው፤ ግን የምታስቢውን ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት አለ። 11,430 ሰዎች ለስድስት ሳምንት በኢንተርኔት የአእምሮ ልምምድ ሠሩ። በተለማመዱት ጨዋታ ሁሉ ጎበዙ። ባልተለማመዱት ፈተና ላይ ግን፣ በጣም የሚቀራረበው ላይ እንኳ፣ ብቃቱ አልተሻገረም። በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሜዳ ላይ በዘንጎቹ መሃል ወደ ኋላ መግባት የቻለ ሰው ያንን ችሏል፤ በማግስቱ ጠዋት መገናኛ ላይ ሚኒባስ ከቀኝ ከግራ ሲገባበት ምን እንደሚያደርግ ግን ሜዳው አልነገረውም።

እነዚያ ሰዎች ጤነኞች ናቸው፤ እኔ ታማሚ ነኝ ልትይኝ ትችያለሽ። ልክ ነሽ፣ ልዩነት አለው። በድባቴ ታማሚዎች ላይ የተሠሩ ዘጠኝ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። ውጤቱ ከዚያኛው ይሻላል። በኮምፒውተር የተለማመዱ ታማሚዎች ትኩረታቸው ተሻሽሏል፣ ነገርን ለአፍታ ይዞ የመሥራት አቅማቸው ተሻሽሏል፣ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውም ቀለል ብሏቸዋል። ስሜታቸውም በመጠኑ ተሻሽሏል። በማቀድና በማደራጀት፣ እንዲሁም ቃላትን በማስታወስ በኩል ግን ለውጥ አልታየም።

ቅድም ያልኩሽ ልዩነት እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። የሚጠፋብሽን ቁጥር ልምምዱ ሊረዳው ይችላል። የሚጠፋብሽን ገጽ ግን ከጨዋታ አትጠብቂው። ለእሱ ሌላ ዘዴ አለ፤ ተራ ነገር ነው፣ ግን ይሠራል። አንድ አንቀጽ አንብቢ። ወረቀቱን ገልብጪው። ምን አለ? በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ድምፅ አውጥተሽ ተናገሪ። ካቃተሽ መልሰሽ አንብቢ። ገጹን ሙሉ ጨርሰሽ «ምን ነበር?» ማለት ለጊዜው ይቅርብሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰውን ሥራ ላይ በማስቀመጥ ረገድ የተሻለ ውጤት ያየሁት «ቲንኪንግ ስኪልስ ፎር ወርክ» በተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ነው። ሱዛን መክገርክ እና ኪም ሙይዘር የተባሉ ተመራማሪዎች የቀረጹት ነው። ኮግፓክ የሚባል የኮምፒውተር ልምምድ ይጠቀማል፤ ወደ 24 የሚሆኑ ክፍለ ጊዜዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት 107 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያካተተ ነበር፤ ድባቴ ያለባቸውም ነበሩበት፣ ሌላ ሕመም ያለባቸውም። ሁሉም ቀደም ብሎ ሥራ በሚያፈላልግ አማካሪ ተሞክሮ ያልሆነላቸው ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ፕሮግራሙን ካገኙት 60 በመቶው ሥራ ያዙ። ካላገኙት ደግሞ 36 በመቶው። ከአንቺ የባሰ ሁኔታ ላይ የነበሩ ሰዎች ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ለራስሽ አትውሰጂው።

እኔን የሚስበኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ፕሮግራሙ ውስጥ ኮምፒውተሩ ከበርካታ ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። አጠገብሽ ባለሙያ ይቀመጣል፤ በምን ዘዴ እንደሠራሽው ይጠይቅሻል። ከዚያ የማይሻሻለውን ነገር በምን መሸፈን እንደሚቻል ያስተምራል፦ በማስታወሻ፣ በሰዓት ደወል፣ በቼክ ሊስት። ከዚያ ደግሞ ከሥራ አማካሪሽ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ሥራው ይነጋገራል። ካናዳ ኪንግስተን ውስጥ በኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ቦዊ የሚሠራው ሥራም ወደዚሁ ያመራል። እዚያ ከኮምፒውተሩ ልምምድ ቀጥሎ እውነተኛ ሥራ የሚመስል ነገር በተግባር ያሠራሉ።

አንቺ ዘንድ ይኼ ምን ሊመስል እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽና የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን እንውሰድ።

ጨዋታው ላይ ስድስት ቁጥሮች ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፤ መልሰሽ ትጽፊያለሽ እንበል። ትክክል ጻፍሽ። አሁን አፑ «ብራቮ» ብሎ ወደሚቀጥለው ሊወስድሽ ይቸኩላል። አንቺ ግን ቁሚ። እንዴት ያዝሽው? «ሦስት ሦስት አድርጌ ከፍዬ፣ በልቤ እያልኩት» ካልሽ፣ ያገኘሽው ነገር ይኼ ዘዴ ነው። ነጥቡን እርሺው። ዘዴውን ደብተርሽ ላይ ጻፊው።

ከዚያ ስልኩን ዝጊና የራስሽን የባንክ ሒሳብ መግለጫ አውጪ፤ የስድስት ወር ቢሆን ጥሩ ነው። የድርጅቱን ሰነድ ቤት መውሰድ ችግር ያመጣብሻል፤ የራስሽ ይበቃል። ባዶ ወረቀት ላይ መዝገብ አዘጋጂና ገቢና ወጪውን አንድ በአንድ አስተላልፊ። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አድርጊ። 48,750 ካለ «አርባ ስምንት ሺህ» ብለሽ ለአፍታ ቁሚ፣ ከዚያ «ሰባት መቶ ሃምሳ» በይ። በድምፅ። ጻፊው። ከዚያ ከጻፍሽው ወደ ዋናው ተመለሺና አመሳክሪ። ራይት አድርጊ። ቀጥይ።

በመጨረሻ ድምሩ አልገጠመም እንበል። ልዩነቱ 900 ነው። ድሮ ቢሆን ይኼን አንቺው ነበርሽ ለጀማሪ የምታስተምሪው፦ ልዩነቱ ለ9 ከተካፈለ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ተቀያይረው ሊሆን ይችላል። 48,750ን 47,850 ብለሽ ጽፈሽዋል። አየሽ፣ ሙያው አለ። የደከመው ቁጥሩን ከመስመር ወደ መስመር የሚያሻግረው እጅ ነው፤ እሱን ደግሞ ማስመሪያው፣ ድምፁና ራይቷ ይደግፉታል። ሥራ ስትገቢ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ቫውቸር ስትመዘግቢም ያው ነው። ሼም የለውም፤ ጎበዝ የሚባሉት ኦዲተሮችም ማስመሪያ ይዘው ነው የሚሠሩት።

እንግዲህ ሦስቱ ሳምንት። በቀን አንድ ሰዓት ጨዋታ በእኔ እምነት በዝቷል፤ ያለሽን ትንሽ ጉልበት ይበላዋል። ወደ 20 ወይም 25 ደቂቃ አውርጂው። የምትወጃቸውን ጨዋታዎች ሳይሆን የሚያስጠሉሽን ምረጪ፤ የሚያስጠሉት ብዙ ጊዜ የደከመውን ቦታ የሚነኩት ናቸው። ከአሥሩ ስምንቱን ያህል የምታገኚበት ደረጃ ላይ ቆዪ። ከዚያ በታች ከሆነ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሁሉንም ካገኘሽ ደግሞ እየተዝናናሽ ነው እንጂ እየተለማመድሽ አይደለም። ከጨዋታው ወዲያው ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት የሒሳቡን ሥራ ሥሪ። በመሃል ቲክቶክ አትክፈቺ።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንዲሁ ቤት ውስጥ አሳልፊው፤ ግን ከሥራ ቀን እኩል ተነሺ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከቤት ውጪ፣ ድምፅ ባለበት። ካፌ ይሁን፣ የእህትሽ ሳሎን ይሁን። ቢሮሽ ዝም ያለ ቦታ ስላልሆነ በጸጥታ ብቻ የተለማመድሽው ነገር እዚያ ይከዳሻል። ሰው ሲያቋርጥሽ ከመመለስሽ በፊት የደረስሽበት መስመር ላይ እርሳስሽን አስቀምጪ። ይኼም ልምምድ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጠዋት ልበሺና በሥራ ሰዓት ታክሲ ተሰልፈሽ እስከ ቢሮሽ ሰፈር ሂጂ። አንድ ቦታ ቁጭ ብለሽ ሁለት ሰዓት ሥሪና ተመለሺ። ሰልፉ፣ ግፊያው፣ ሙቀቱ ከሥራው በፊት ጉልበት ይጨርሳል። ያንን ሒሳብ ውስጥ ሳያስገቡ የሚመለሱ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት «አልቻልኩም» ይላሉ።

በየቀኑ ሁለት ነገር መዝግቢ፦ ስንት መስመር በስንት ደቂቃ ሠራሽ፣ ስንት ስህተት ወጣ። ይኼን የምልሽ በምክንያት ነው። ከድባቴ የሚወጣ ሰው ስለ ራሱ ብቃት የሚሰጠው ግምት ከፈተና ውጤቱ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። «ዛሬ ምንም አልሠራሁም» ያልሽበት ቀን ወረቀቱ ላይ 40 መስመርና አንድ ስህተት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ሲሆን ወረቀቱን እመኚው።

ሦስት ሳምንት ይበቃል ወይ? ሙሉ ለሙሉ ለመመለስ አይበቃም። ለመጀመር ግን ሊበቃ ይችላል። ገንዘቡም እንደሚያስጨንቅሽ ይገባኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ሦስተኛውን ወር ይዘሻል፤ ስለዚህ የምትቸኩዪበት ምክንያት አለሽ። የኅብረት ስምምነት ካላችሁ የተሻለ ነገር ተጽፎበት ሊሆን ስለሚችል ሠራተኛ ማኅበሩን ጠይቂ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መዝገብሽ ከመጀመሪያው ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም ማልቀሱና የእንቅልፍ ማጣቱ ከተመለሰ፣ በግድ ከመግባትሽ በፊት ሐኪምሽን አነጋግሪ። መሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሦስት ሳምንትም፣ ሦስት ቀንም አትጠብቂ። ያኑ ቀን ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ከሰው ጋር ሆነሽ ሂጂ።

አለቃሽን በሚመለከት። የሕመሙን ስም የመናገር ግዴታ አለብሽ ብዬ አላምንም፤ ከፈለግሽና ካመንሽው ንገሪው። ካልፈለግሽ «ታምሜ ነበር፣ እየዳንኩ ነው» ይበቃል። ዋናው ስለ ሥራው የምትጠይቂው ነገር ነው። አለቆች «ጭንቅላቴ አይሠራም» ሲባሉ ይደነግጣሉ፤ የተወሰነ ነገር ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እንዲህ ልትይው ትችያለሽ፦

«ጋሼ፣ ሰኞ እገባለሁ። ሐኪሜ ቀስ በቀስ እንድጀምር መክሮኛል። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት የባንክ ማስታረቁንና ቫውቸር ምዝገባውን ልያዝ፤ የቫት ማሳወቂያውንና የወር መዝጊያውን ለጊዜው ሌላ ሰው ቢይዝልኝ። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ስልክ ባልቀበል ደስ ይለኛል፤ ትኩረት የሚፈልገውን ያኔ እጨርሳለሁ። ሥራ ሲሰጠኝ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ቢላክልኝ። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ቁጭ ብለን እንየው።»

ጠዋት ኪኒኑ የሚያደነዝዝሽ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት ቀይሪው። ቀጠሮሽ ላይ ሐኪሙን የሥራ መመለሻ ወረቀት ስታስጽፊም «ቀላል ሥራ» ብቻ ብሎ እንዳይተወው ንገሪው። ቀላል ሥራ ለአለቃሽ ሌላ፣ ለአንቺ ሌላ ነው። የምትይዢው የሥራ ዓይነት፣ የሰዓቱ ርዝመትና እንደገና የሚታይበት ቀን ወረቀቱ ላይ ይስፈር።